እጅ የሚያውቀውን አእምሮ ሲያውክ

እ.ኤ.አ. በ1996 የማስተርስ የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኦጋስታ ከተማ የተሰበሰበው ተመልካች አሸናፊው ማን እንደሚሆን የተጠራጠረ አይመስልም ነበር። አውስትራሊያዊው ግሬግ ኖርማን በመጀመሪያው ቀን የመስኩን ክብረ ወሰን በተስተካከለ 63 ምት ጀምሮ፣ በሦስቱ ቀናት ጨዋታ ተከታዩን እንግሊዛዊ ኒክ ፋልዶን በ6 ምት ይመራ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ፋልዶ በ67 ምት ሲጨርስ ኖርማን 78 ምት ፈጀበት፤ ለአሸናፊው የሚሰጠውን አረንጓዴ ኮትም በ5 ምት ልዩነት ተነጠቀ። ክንዱን የሚመታው ሰው ያው ነው፤ መስኩም ያው ነው፤ ነፋሱም ለእሱ ብቻ ተለይቶ አልነፈሰም። ታዲያ በአንድ ሌሊት ምን ተለወጠ?

ጎልፍ ለአብዛኛው አንባቢያችን እንግዳ ጨዋታ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው በበትር ኳስ የመምታት ነገር አይጠፋውም፤ ልዩነቱ በገና ሩሯን የሚሻማ ባላጋራ መኖሩ፣ በጎልፍ ግን ከባለቤቱ በቀር ኳሷን ማንም የማይመታት መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ኳስ እየመታ በ18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ ያስገባታል፤ ጥቂት ምት የፈጀ ያሸንፋል። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው። ኳሷን ከሩቅ የሚያስወነጭፈው ምት ኃይልን ይጠይቃል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ከተደረሰ በኋላ አጥሮ በታጨደ ሣር ላይ አንከባልሎ ማስገባት ግን፣ ይህም «ፓት» የሚባለው ምት ነው፣ ልጅ እንኳ የማያቅተው ይመስላል። ሆኖም በአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድር 2.4 ሜትር ያህል ከሚርቅ ቦታ ከሚሞከሩት ፓቶች የሚገቡት ግማሽ ገደማ ብቻ ናቸው።

አንድ ሙሉ ጨዋታ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በትሩ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ቢደመር ግን ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም፤ በረጅሙ ምት ጊዜ በትሩና ኳሷ የሚነካኩበትማ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ በታች ነው። የቀረው ሁሉ የመራመድ፣ የመጠበቅና የማሰብ ጊዜ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች ተከላካይ ሲመጣበት ስለ ራሱ የሚያስብበት ፋታ የለውም። የጎልፍ ተጫዋች ግን ኳሷ ቆማ እየጠበቀችው፣ የሚመታበትን ቅጽበት ራሱ ይመርጣል። መከራውም ከዚሁ ይጀምራል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በወሳኝ ሰዓት የሚደርሰውን መሰናከል በሁለት መንገድ ሲያስረዱ ቆይተዋል። የመጀመሪያው አስተያየት ጭንቀት ሐሳብን ይበትናል የሚል ነው። «ብስተውስ?» የሚለው ስጋት የአእምሮን ጊዜያዊ ትውስታ ስለሚሻማ ለዋናው ተግባር የሚቀረው ትኩረት ይጎድላል። ይህ ማብራሪያ ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረው ቀመር በፈተናው አዳራሽ ለሚጠፋበት ተማሪ በሚገባ ይሠራል። ሁለተኛው አስተያየት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሠለጠነ ተጫዋችን የሚጎዳው የትኩረት ማነስ ሳይሆን፣ ትኩረቱ በማይገባው ቦታ መብዛቱ ነው ይላል።

አዲስ የእጅ ሙያ ስንማር እያንዳንዱን እርምጃ በቃላት ለራሳችን እየነገርን ነው። በዚህ ጊዜ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሥራ ይበዛበታል። ልምምዱ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን የእንቅስቃሴው አመራር በአብዛኛው በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ወዳሉት የነርቭ ማዕከላትና ከኋላ በታች በኩል ወዳለው ንዑስ አንጎል ይዛወራል፤ እንቅስቃሴው አንድ ወጥ ሆኖ ይፈስሳል፤ ባለሙያውም እንዴት እንደሚሠራው ሲጠየቅ መናገር ያቅተዋል። እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን በምጣዱ ላይ ስታዞር ክንዷን በስንት ዲግሪ እንደምታጥፍ አታሰላም። እንግዳ አጠገቧ ቆሞ የእጅ አንጓዋ ወዴት እንደሚዞር ቢጠይቃት፣ እሷም ልታየው ብትሞክር፣ ያ እንጀራ እንደ ሌሎቹ የሚያምር አይሆንም። በጭንቀት ሰዓት ተጫዋቹ ለራሱ ያንን እንግዳ ይሆናል። የገዛ እጁን ይጠብቃል፤ አንድ ወጥ የነበረውን እንቅስቃሴም ወደ ጀማሪነት ዘመኑ ቁርጥራጭ ይመልሰዋል።

ይህን ሐሳብ ለመፈተን ፓት ምቹ መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ሪቻርድ ማስተርስ የተባለ ተመራማሪ (ስሙ ከውድድሩ ስም ጋር መመሳሰሉ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነው) እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት በትር ጨብጠው የማያውቁ ሰዎችን በቡድን ከፋፈለ። አንደኛው ቡድን የአመታቱን ዘዴ የሚገልጽ ዝርዝር መመሪያ እያነበበ ተለማመደ። ሌላው ቡድን መመሪያ አልተሰጠውም፤ እንዲያውም እየመታ ሳለ ፊደላትን ያለ ቅደም ተከተል ጮክ ብሎ እንዲጠራ ተደረገ፤ ይህም ስለ አመታቱ ለራሱ ደንብ እንዳያወጣ ለመከልከል ነው። በመጨረሻም ለሁሉም፣ የጎልፍ አዋቂ እንደሚመለከታቸውና የሚከፈላቸው ገንዘብ እንደ ውጤታቸው ከፍ ዝቅ እንደሚል ተነገራቸው። መመሪያ ያነበቡት በዚህ ጊዜ መሻሻላቸው ተቋረጠ፤ ፊደል ሲጠሩ የነበሩት ግን መሻሻላቸውን ቀጠሉ። በእርግጥ ተቺዎች አልታጡም። ሁለተኛው ቡድን በፈተናው ሰዓት ፊደል ከመጥራት ሸክም ስለተገላገለ ነው የተሻለው የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሌሎች ተመራማሪዎች ሸክሙን ሳያነሡ ሙከራውን ደገሙት፤ የመመሪያ ዕውቀት የሌላቸው ተጫዋቾች በዚህም ጊዜ መሻሻላቸውን አላቋረጡም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ሺያን ቤይሎክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ውጤት ነው። ጀማሪዎች ተጠንቅቀው እንዲመቱ ሲነገራቸው ከችኮላው ይልቅ ይሳካላቸዋል፤ ይህ ማንም የሚጠብቀው ነው። የሠለጠኑት ግን ፈጥነው እንዲመቱ ሲታዘዙ የተሻለ አስገቡ። ጥንቃቄ ለጀማሪው መድኃኒት፣ ለባለሙያው መርዝ ሆነ ማለት ነው።

«አተኩር!» የሚለው ምክር

እንግዲህ ከሜዳው ዳር ቆሞ «አተኩር! ክንድህን ቀጥ አድርግ! ጉልበትህን ጠብቅ!» የሚል አሠልጣኝ፣ በጎ አሳቢ ቢሆንም፣ በወሳኙ ሰዓት ተጫዋቹን ወደ ገደሉ የሚገፋው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ትኩረት ወዴት ይሁን የሚለው ነው። ጋብሪኤሌ ቩልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጀማሪ የጎልፍ ተለማማጆች ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ሰጡ፤ ገሚሶቹ የክንዳቸውን እንቅስቃሴ፣ ገሚሶቹ የበትሩን መወዛወዝ እንዲያስቡ ተነገራቸው። ሁለቱ ትእዛዞች እጅግ የሚቀራረቡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በትሩን ያሰቡት ይበልጥ ወደ ዒላማው ቀረቡ። ከአካል ውጭ ያለውን ውጤት ማሰብ አካሉን ለራሱ ሥራ ይተውለታል።

«እንዳታሳልፋት» የሚለው ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ጠንቀኛ ነው። ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ ኳሷን ከዒላማው አሳልፈው እንዳይመቱ የታዘዙ ሰዎች፣ በዚያው ሰዓት ቁጥር በቃላቸው እንዲይዙ ተደርገው አእምሯቸው ሲጨናነቅ፣ ይበልጡን አሳልፈው መቱ። መከልከል የሚገባውን ነገር የሚጠብቀው የአእምሮ ክፍል ያንኑ ነገር ከፊታችን ሲያቆመው ይገኛል።

ተጨባጭ ከሆኑት የሥልጠና ዘዴዎች መካከል በጽሑፍ አቅራቢው አመለካከት ይበልጥ ትኩረት የሚገባው የዐይን ነገር ነው። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ጆአን ቪከርስ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጫዋቾችን የዐይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትላ፣ የሠለጠኑት ከመምታታቸው በፊት ዐይናቸውን በኳሷ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚያሳርፉ፣ ያልሠለጠኑት ግን ከኳስ ወደ በትር፣ ከበትር ወደ ጉድጓድ እንደሚያንከራትቱት አገኘች። ይህን ሁኔታ «የረጋ ዐይን» ብላ ሰየመችው። በባለሙያው ዘንድ እይታው ሁለት ሴኮንድ ያህል ይረጋል፤ ኳሷ ከተመታች በኋላም ለጥቂት ቅጽበት በነበረችበት ቦታ ላይ ይቆያል። ጭንቀት ሲመጣ ቀድሞ የሚያጥረው ይህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ይህን እይታ እንዲለማመዱ የተደረጉ ጎበዝ ተጫዋቾች በእውነተኛ ውድድር በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ 1.9 ፓት እንደቀነሱ ዘግቧል። ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት ተጫዋቾች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም፤ ዘዴው ግን ወጪ የለውም፤ ዐይን ላለው ሁሉ ይቻላል።

ብዙ ባለሙያዎች ከምት በፊት የማይለዋወጥ ሥርዓት የሚይዙትም ለዚሁ ነው። ከኳሷ ጀርባ ቆሞ መንገዷን ማየት፣ አንድ ጊዜ መተንፈስ፣ መቅረብ፣ መምታት። የሚወሰነው ሁሉ ከጀርባ በቆሙበት ሰዓት ይወሰናል፤ ኳሷ አጠገብ ከደረሱ በኋላ የሚቀር ሐሳብ ሊኖር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው የጨዋታው ደንብ አንድ ምት ከ40 ሴኮንድ በላይ እንዳይወስድ ይመክራል። ዓላማው ጨዋታውን ማፋጠን ቢሆንም፣ ከላይ ያየነውን የቤይሎክን ውጤት ላስታወሰ ሰው ተጫዋቹን ከራሱ የሚያድን ምክር ጭምር ነው።

ሥርዓቱ የማይነካው ድክመትም አለ። ዴቪን ፖፕና ሞሪስ ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ2011 በሌዘር የተለኩ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ፓቶችን መርምረው፣ ባለሙያዎች ከተመደበው የምት ቁጥር አንድ ለማትረፍ የሚሞክሩትን ፓት፣ ከምደባው እንዳያልፉ ከሚሞክሩት ተመሳሳይ ፓት ባነሰ መጠን እንደሚያስገቡ አረጋገጡ። ልዩነቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ታይገር ዉድስም ከዚህ አላመለጠም። ሁለቱም ምቶች በመጨረሻው ድምር ላይ አንድ ዋጋ አላቸው፤ ነገር ግን ሰው ለትርፍ ከሚተጋው ይልቅ ኪሳራን ለመሸሽ ይበልጥ ይተጋል።

ሕመምን ፍርሃት ማለት

እስካሁን የተባለው ሁሉ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ይህም ተጫዋቾች «ዪፕስ» የሚሉት ነው። ለዓመታት በቀላሉ ሲያስገባ የኖረ ሰው፣ በአጭር ፓት ላይ ሳያስበው እጁ ይንቀጠቀጥበታል ወይም በድንገት ይፈናጠርበታል። ተመልካቹ «ፈራ» ይላል። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ግን ከሃያ ዓመት በላይ ባስቆጠረው ጥናታቸው እንዳመለከቱት፣ የአንዳንዱ ሰው ችግር ጭንቀት ሲሆን የሌላው ግን ረጅም ዘመን በተደጋገመ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ምክንያት የሚመጣ የነርቭ እክል ነው፤ በጸሐፍትና በሙዚቀኞች እጅ ላይ የሚታየው የጡንቻ መኮማተር ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የነርቭ እክል ያለበትን ሰው «ልብህን አጽና» እያሉ መምከር፣ የተሰበረ እግር ያለውን ሰው ሩጥ እንደ ማለት ነው፤ በሕመሙ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል። እንዲህ ላለው የሚጠቅመው አንጎል የለመደውን መንገድ መለወጥ ነው። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር በወጣትነቱ ጀምሮ ይህ ችግር በተደጋጋሚ ደርሶበት፣ በትሩን የሚይዝበትን መንገድ እየቀያየረ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1993 የማስተርስ አሸናፊ ሆኗል። ኋላም ረጅም በትር በደረቱ ላይ አስደግፎ ይመታ ነበር፤ ከ2016 ጀምሮ ደንቡ በትርን በአካል ላይ ማስደገፍን ስለከለከለ፣ ረጅሙን በትር ሳያስነካ መምታትን እንደገና ተለማመደ።

ጭንቀቱ ጭንቀት ብቻ ለሆነበት ተጫዋች ደግሞ የሮሪ ማክልሮይ ታሪክ አለ። ይህ የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያው በኦጋስታ በ4 ምት እየመራ የመጨረሻውን ቀን ጀምሮ በ80 ምት ጨረሰ። ከሁለት ወር በኋላ የአሜሪካን ኦፕን በ8 ምት ልዩነት ቢያሸንፍም፣ የማስተርስ ድል ለ14 ዓመታት ራቀው። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻውን ቀን እየመራ ሲጀምር ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ ሁለት ምት ከሰረ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው አካካሰ። በ13ኛው ኳሷን ወንዝ ውስጥ ጨምሮ እንደገና ሁለት ምት ከሰረ፤ በ15ኛውና በ17ኛው እየመለሰ አተረፈ። በ18ኛው ድሉን የሚያጸናውን አጭር ፓት ሳተ፤ ከጀስቲን ሮዝ ጋርም እኩል ወጡ። ለመለያው ወደዚያው ወደ 18ኛው መስክ ተመልሶ ኳሷን ከጉድጓዱ አጠገብ አሳረፈ፤ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ በሳተበት ሣር ላይ እንደገና ቆመ፤ መታ፤ ገባችለት።