ቀናቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት፦ ምርምሩና እንክብካቤው

ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ የሚባለው ሕፃን 37 የእርግዝና ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ነው። ሳምንቱ የሚቆጠረው እናቲቱ የመጨረሻ የወር አበባዋን ካየችበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲሆን፣ ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ያህል ይወስዳል። ሐኪሞች እነዚህን ሕፃናት በሦስት ይመድቧቸዋል፦ 28 ሳምንት ያልሞላቸው፣ ከ28 እስከ 32 ሳምንት ባለው ጊዜ የተወለዱና ከዚያ በኋላ እስከ 37 ሳምንት ድረስ የተወለዱ። ከ2,500 ግራም በታች የሚመዝን ጨቅላ ዝቅተኛ ክብደት ያለው ይባላል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ቀኑን ጨርሶ፣ ማህፀን ውስጥ በቂ ምግብ ሳያገኝ ቀጭኖ የሚወለድም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዓለም ዙሪያ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደዋል፤ ይህም ከአሥር ልደት አንዱ ማለት ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የምትኖር ነፍሰ ጡር ብዙውን ጊዜ ክትትሏን የምትጀምረው በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ጨቅላውን የሚያሞቅበትና ትንፋሽ ካጠረው የሚረዳበት ቦታ በማዋለጃው ክፍል ውስጥ ያዘጋጃል። ከዚያ በላይ የሆነው ግን ወደ ሆስፒታል ይላካል። በክፍለ ከተማው ዘነበወርቅ አካባቢ የአለርት ሆስፒታል ይገኛል፤ በአጎራባቹ ጉለሌ ደግሞ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ አለ። ስለ ጨቅላዎች ሞት በኢትዮጵያ ከተካሄዱት ዋና ዋና ምርምሮች አንዱ የተሠራው ቅዱስ ጳውሎስን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች ነው።

የምርምሩን ፋይዳ ለመረዳት ያለ ቀኑ በተወለደ ሕፃን ገላ ውስጥ ምን እንደጎደለ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ሳንባ ነው። የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ሕፃኑ አየር ባስወጣ ቁጥር እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የተባለ ቅባት መሰል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን የሚመረተው በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። ቀድሞ የተወለደው ሕፃን ከረጢቶቹ እየተጣበቁበት እያንዳንዱን ትንፋሽ በትግል ይስባል፤ ያቃስታል፣ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ይሰረጉዳል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከቆዳው ሥር በቂ ስብ የለውም፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ከክብደቱ አንፃር ሲታይ የገላው ስፋት ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ በፍጥነት ያመልጣል። ሦስተኛው አመጋገብ ነው። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ በቅደም ተከተል የሚቀናጁት ከ32 እስከ 34 ሳምንት አካባቢ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ጡት ቢሰጠውም አይችለውም። አራተኛው የበሽታ መከላከያ አቅም ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገሩት የመከላከያ ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚተላለፉት በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። በዚህ ላይ ጉበቱ ስላልጠነከረ ዐይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል፤ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም ስላልበሰለ ሕፃኑ አልፎ አልፎ መተንፈስ ያቆማል።

የዘመናዊው ምርምር መነሻ ሳንባ ነበር። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ የሚደፈነው በሰርፋክታንት እጥረት መሆኑን በ1959 አሳየች። ከአራት ዓመት በኋላ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወልዶ በሁለተኛ ቀኑ በዚሁ በሽታ ሞተ፤ የዓለም ትኩረትም ወደ ጉዳዩ ዞረ። በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ሕፃኑ ራሱ እየተነፈሰ ሳንባው በማያቋርጥ የአየር ግፊት ተከፍቶ የሚቆይበትን ዘዴ፣ ማለትም ሲፓፕን፣ አስተዋወቁ። በ1972 ደግሞ ግሬሃም ሊጊንስና ሮስ ሃዊ በኒውዚላንድ ባደረጉት ጥናት፣ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ለመጣባት እናት የሚወጋ የስቴሮይድ መድኃኒት የጽንሱን ሳንባ እንደሚያጠነክር አረጋገጡ። በ1980 ቴትሱሮ ፉጂዋራ በጃፓን ሰርፋክታንትን በቀጥታ ወደ ሳንባ በማስገባት ሕፃናትን ማዳን እንደሚቻል አሳየ።

ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው መሣሪያና ባለሙያ በተሟላበት ሆስፒታል ነው። በኢትዮጵያ ግን ያለ ቀናቸው የሚወለዱት በምን እንደሚሞቱ በትክክል የሚያሳይ መረጃ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄ መሪነት ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 ሰፊ ጥናት ተካሄደ። የተሳተፉት ሆስፒታሎች ከአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ጋንዲ መታሰቢያ፣ ከክልል የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ነበሩ። ውጤቱ በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ታተመ።

ጥናቱ ከሌሎች የሚለየው የሞትን ምክንያት ባረጋገጠበት መንገድ ነው። በሕክምና መዝገብ ላይ የሚጻፈው ምክንያት ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን በሳንባ አለመጠንከርም፣ በኢንፌክሽንም፣ በወሊድ ጊዜ በመታፈንም ሊሞት ይችላል፤ ምልክቶቹም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሕፃናቱን ከተወለዱበት ሰዓት ጀምረው ተከታተሉ፤ የደም ምርመራና ራጅ አደረጉ፤ ከሞቱትም የወላጆች ፈቃድ በተገኘባቸው ላይ የአስከሬን ምርመራ ወይም ከውስጥ አካላት በመርፌ ናሙና የመውሰድ ምርመራ አካሄዱ። ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ማቅረብ ቀላል አይደለም፤ ቀብርም ቶሎ የሚፈጸም በመሆኑ ጊዜው አጭር ነው። በመጨረሻም የባለሙያዎች ቡድን ማስረጃውን ሁሉ አይቶ የእያንዳንዱን ሕፃን ሞት ምክንያት ወሰነ።

በጥናቱ 4,919 ሕፃናት ተካተዋል። ከእነዚህ 3,852ቱ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ፤ 28 ቀን ሳይሞላቸው የሞቱት 1,109 ናቸው። ሞቱ በእርግዝናው ሳምንት እጅግ ይለያያል። 28 ሳምንት ሳይሞላቸው ከተወለዱት 104 ሕፃናት 89ኙ ሞቱ። ከ28 እስከ 31 ሳምንት ከተወለዱት 952 ውስጥ 512ቱ፣ ከ32 እስከ 34 ሳምንት ከተወለዱት 1,975 ውስጥ 349ኙ፣ በ35 እና በ36 ሳምንት ከተወለዱት 1,888 ውስጥ ደግሞ 159ኙ ሕይወታቸው አለፈ። አንድ ጽንስ ማህፀን ውስጥ የሚቆይባት እያንዳንዷ ተጨማሪ ሳምንት ምን ያህል እንደምታድን ይህ ዝርዝር ያሳያል።

ዋናው የሞት ምክንያት የሳንባ አለመጠንከር ሆኖ 45 በመቶውን ያዘ። የደም መመረዝ፣ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር በአንድነት 30 በመቶ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን 14 በመቶ ሆኑ። ከሁሉ የሚያነጋግረው ግን አባባሽ ሆኖ የተገኘው ነገር ነው፦ ከሞቱት 69 በመቶ በሚሆኑት ላይ የገላ ሙቀት መውረድ ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርጓል። ጨቅላን ለማሞቅ የግድ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

ስለ ሙቀት አዲስ አበባ ቀደም ሲል የራሷን ማስረጃ አቅርባ ነበር። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለ ሐኪም ማሞቂያ ሣጥን ቢያጥረው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማቆየት ጀመረ። አሠራሩ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። ቦጋለ ወርቁና አሳዬ ካሴ ይህንኑ በአዲስ አበባ በ123 ጨቅላዎች ላይ ፈትሸው ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። በዚያን ጊዜ የተለመደው ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ ብቻ ለእናቱ መስጠት ሲሆን፣ እነሱ ግን ሳይረጋጋ፣ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ጀመሩ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶ ሲሞቱ፣ በእናታቸው ደረት ላይ ከዋሉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ።

ጥናቱ አነስተኛ ስለነበር ጥያቄውን አልዘጋውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረውና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በ3,211 ሕፃናት ላይ የተካሄደው ሙከራ በ2021 ታተመ። የካንጋሮ እንክብካቤ ወዲያው ከተጀመረላቸው 12 በመቶ፣ ከተረጋጉ በኋላ ከተጀመረላቸው 15.7 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ሙከራው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። በ2022 ድርጅቱ መመሪያውን ቀየረ፤ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሁሉ በተቻለ ፍጥነት በእናታቸው ደረት ላይ እንዲሆኑ፣ በቀንም ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆዩ መከረ። አዲስ አበባ ላይ በ2005 በታተመው ጥናት የታየው በዚህ ሁኔታ ጸና።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ከሽንት ጨርቅ፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን ሆኖ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይደረጋል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ፤ አንገቱ ትንፋሽ እንዳያጥረው በጥቂቱ ቀና ይላል፤ በላዩ በነጠላ ወይም በተዘጋጀ ማሰሪያ ይታሰራል። እናት ስትደክም አባት ወይም አያት ይተካታል። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ሕፃኑ እንደተወለደ ተጠርጎ ይደርቃል እንጂ አይታጠብም፤ ገላ መታጠቡ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይዘገያል። እንደተወለደ ማጠብ፣ ቅቤ ማላስና እንገርን አልቦ መድፋት በአንዳንድ ቤት አሁንም አለ፤ ቀኑ ያልደረሰን ሕፃን ግን ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። ያለውን እንገር ማለብና በቀጭን ቱቦ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራው ማድረስ ለሆዱም ለበሽታ መከላከያውም ይጠቅማል።

ለሳንባ ችግር በሰፊው የሚሠራበት መፍትሔ አረፋ ሲፓፕ ነው። ኦክስጂን የተቀላቀለ አየር በአፍንጫው ይገባል፤ የሚወጣበት ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። ቱቦው በውኃው ውስጥ የጠለቀበት ልክ የግፊቱ ልክ ነው፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ከገባ ግፊቱም አምስት ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል። አረፋው መታየቱ ግፊቱ መኖሩን ለነርሷ ይነግራታል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ኦክስጂኑ ላይ ነው፤ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ያለ ልክ የተሰጣቸው ሕፃናት በብዛት ዐይናቸው ታውሯል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጂን መጠን በመለኪያ ክትትል ይደረግበታል። ትንፋሽ ለሚያቆሙት ደግሞ በቡና ውስጥ የሚገኘው ካፌይን በመድኃኒት መልክ ይሰጣል፤ የአንጎልን የትንፋሽ ማዕከል ያነቃቃል።

የስቴሮይዱ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ሰጥቷል። በስድስት አገሮች ተካሂዶ በ2015 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን በጤና ጣቢያ ደረጃ ማስፋፋት የጨቅላዎችን ሞት እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም በአጠቃላይ እንደጨመረ አሳየ። በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2020 የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ዴክሳሜታዞን ከተሰጣቸው እናቶች ልጆች 19.6 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 23.5 በመቶ መሞታቸውን አገኘ። ልዩነቱ ያለው በአሰጣጡ ላይ ነው። በሁለተኛው ሙከራ የእርግዝናው ሳምንት በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ ነበር፤ ሆስፒታሎቹም ጨቅላውን የሚንከባከብ ክፍል ነበራቸው። ቀኗን በትክክል ለማታውቅ እናት መድኃኒቱን ያለ ልኬት መስጠት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በጊዜ የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ የእናቲቱ ብቻ ሳይሆን የሕፃኑም ሕክምና መጀመሪያ ነው።

ኢንፌክሽኑን በሚመለከት የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በሌላ ዓለም አቀፍ ጥናት ተሳትፏል። ኢትዮጵያን፣ ባንግላዴሽን፣ ሕንድን፣ ናይጄሪያን፣ ፓኪስታንን፣ ሩዋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ያካተተው ባርናርድስ የተባለ ጥናት በ2021 ባወጣው ውጤት፣ ክሌብሴላ ኒሞኒዬ የተባለው ባክቴሪያ ለጨቅላ ደም መመረዝ ዋና መንስኤ ሆኖ ተገኘ። ተለምደው በመጀመሪያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን በብዙዎቹ ጀርሞች ላይ አቅማቸው ተዳክሟል። ይህን ዓይነቱን ጀርም የሚገታው በዋናነት የእጅ መታጠብ፣ የዕቃ ንጽሕና፣ የክፍሉ አለመጨናነቅና የእናት ወተት ነው።

በአገር ውስጥ የሚደረገው ምርምር ያለበት ደረጃ ከሚከተለው ይታያል። በአለርት ግቢ ውስጥ በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በሥጋ ደዌ ጥናት ጀምሮ ወደ ሌሎች በሽታዎችና ወደ መድኃኒት ሙከራ የሰፋ ተቋም ነው፤ አገሪቱ በራሷ ላቦራቶሪና በራሷ ባለሙያ ጥያቄዋን ለመመለስ የምታደርገው ጥረት አካል ነው። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በቀድሞው ደቡብና በትግራይ ክልሎች የካንጋሮ እንክብካቤን ለማስፋፋት የተደረገው ጥናትም ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከተደገፉ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት በአግባቡ ሊያገኙት እንደሚችሉ አሳይቷል። በሌላ በኩል የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች እንዳመለከቱት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ጨቅላዎች በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ2000 ዓመት 49 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 29 ወርደው በ2019 ግን 33 ሆነው ተገኙ። ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደው የዳኑትም ዐይናቸው፣ መስሚያቸውና እድገታቸው ለዓመታት መታየት ይኖርበታል።

አብዛኞቹ ሞቶች የሚቀነሱት ገና ባልተገኘ መድኃኒት አይደለም። ሳምንቷ በአልትራሳውንድ የታወቀ እናት፣ ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ የማይበርደው ሕፃን፣ የሚሠራ ሲፓፕ፣ የታጠበ እጅና ከልጇ የማትለይ እናት፣ ሌሊትም ሆነ በዓል፣ በእያንዳንዱ ማዋለጃ ክፍል ከተገኙ ብዙ ሕፃናት ይድናሉ። ማስረጃው ተሰብስቧል፤ የቀረው በየተራው በሚገባ መፈጸሙ ነው።