ተጋባዥ ባለቤቶች

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም «መቅደላ 1868» የሚል አነስተኛ ዐውደ ርእይ ከፈተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ 150 ዓመት ሊሞላ ቀናት ቀርተውት ነበር። ለዕይታ የቀረቡት ሃያ ያህል ዕቃዎች ናቸው፤ ከጎንደር ዘመን የተረፈ የወርቅ ዘውድ፣ የወርቅ ጽዋ፣ በሐር ጥልፍ ያጌጠ የቴዎድሮስ ሚስት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ።

ሙዚየሙ ይህን ብቻውን አላሰናዳውም። ለንደን ያለው ኤምባሲያችን ተማክሯል፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንና የራስ ተፈሪያን ማኅበረሰብ አባላት ያሉበት አማካሪ ቡድንም ተቋቁሟል። የብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር ጦር የመቅደላውን ዘረፋ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች አጓጉዞ ከሄደ ወዲህ፣ የዕቃው ባለቤቶች ስለ ዕቃቸው ሐሳብ ስጡ ተብለው መጠራታቸው ራሱ ለውጥ ነው። ይህን ማናናቅ አይገባም።

ነገር ግን ምክሩ ወሰን ነበረው። ከዘውዱ ጎን ምን ተብሎ እንደሚጻፍ መነጋገር ይቻላል፤ ዘውዱ የት ይኑር የሚለው ግን ለአማካሪዎቹ የተተወ ጥያቄ አልነበረም። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት በዚያው ሰሞን ዕቃዎቹ በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ ይችላሉ አሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ፍላጎት ግን ማስመለስ ነበር። የራስን ንብረት መዋስ ምን የሚሉት ነው?

ታዳሚን በዝግጅት ማሳተፍ በዓለም ሙዚየሞች ዘንድ ዛሬ ትልቅ ወሬ ነው። አሜሪካዊቷ ኒና ሳይመን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው መጽሐፍ ተሳትፎን በአራት ትከፍለዋለች፤ ታዳሚው ከሚያዋጣበት ይጀምርና ቤቱን ለራሱ ዝግጅት እስከሚረከብበት ይዘልቃል። እኛ አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ሲወረውር፣ አዝማሪውም ከማሲንቆው ጋር አስማምቶ ሲመልሰው ሰምቷል። እዚያ የምሽቱን ዜማ ወዴት እንደሚወስደው የሚያዘው ግጥም ሰጪው ነው። የለንደኑ ቡድን ግጥም ሰጠ፤ ማሲንቆው ግን እንደተቆለፈበት ቀረ።

ባለቤቶቹ ራሳቸው ሲያሰናዱ ምን እንደሚመስል ለማየት መስቀል አደባባይ ድረስ መሄድ በቂ ነው። የደርጉ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1969 ዓ.ም. ቀይ ሽብርን ሲያውጁ በደም መሰል ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች የሰባበሩት እዚያ ነው፤ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውም እዚያው ዳር ላይ ነው። የመረቁት ልጆቻቸው በአንድ ቀን የተገደሉባቸው እናት ናቸው። የሟች ቤተሰቦች ከየቤታቸው ያወጧቸው ፎቶግራፎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ከጅምላ መቃብር የወጣው አፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ ማንነቱ የታወቀው ደግሞ ከነፎቶው ነው። ካስጎብኚዎቹ መካከል በዚያ ዘመን ታስረው የተገረፉ ነበሩ። ጎብኚው ጥያቄ ሲጠይቅ የሚመልስለት የጽሑፍ ሰሌዳ ሳይሆን ያየው ሰው ነበር።

ይሁንና ባለቤትነትም የራሱ ጣጣ አለው። የሚሰናዳው በተበዳይ ቤተሰብ ከሆነ የማን ቤተሰብ? በደርግ ተቃዋሚው በኢሕአፓ የከተማ ቡድኖች ጥይት የወደቁትም እናት ነበራቸው፤ በዚያ አዳራሽ የሚገባቸውን ያህል ቦታ አግኝተዋል ለማለት ይቸግረኛል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ግን እኛው በእኛው ተከራክረን ልንሞላው እንችላለን፤ የለንደንን ደጅ መጥናት አያሻም።

ወደዚያው ወደ ለንደን ስንመለስ፣ የብሪታንያ ሙዚየም ከመቅደላ የሄዱ 11 ታቦታት ይዟል። ለዕይታ አይቀርቡም፤ ተሸፍነው ተቆልፎባቸዋል፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አያዩዋቸውም፤ መቅረብ የሚፈቀደው ለኢትዮጵያውያን ካህናት ነው። ምእመናን በሙዚየም ውሳኔ ላይ ይህን ያህል ክብደት ያገኙበት ሌላ ጉዳይ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ኤድንብራ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ሌላ የመቅደላ ታቦት በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሕዝቡ በሺዎች ወጥቶ በእልልታ ተቀብሎታል። እንዴት እንደሚቀበል የሚያማክረው አላስፈለገውም። ዌስትሚኒስተር አቢም የያዘውን ታቦት ለመመለስ በ2016 ዓ.ም. በመርህ ደረጃ ተስማምቷል።

የብሪታንያ ሙዚየም ግን እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን ሕግ ይጠቅሳል፤ ስብስቡን እንዳይሰጥ ታግዷልና። ሕጉ ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም፤ በስብስቡ ውስጥ ሊቆይ የማይገባና መሄዱ ተማሪን የማይጎዳ ዕቃ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል። የማስመለስ ዘመቻው ሰዎች የሚከራከሩት በዚሁ ነው፦ ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠናው፣ ፎቶግራፍ የማይነሣ ታቦት ቢሄድ የሚጎዳው የትኛው ተማሪ ነው?