የስፒከር ካርቶን ምን ይነግረናል?

እዚህ ደብረ ማርቆስ ለጀመዓችን በመዋጮ ስፒከር ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ዋቱን ነው። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው ዋት ወጥ መለኪያ ስለሌለው አር.ኤም.ኤስ. የሚለውን እንይ። እሱም ቢሆን ስፒከሩ የሚችለውን ኃይል እንጂ ጥራቱን አይናገርም።

የድምፁን ጉልበት የሚጠቁመው ዴሲቤሉ ነው፦ በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ10 ዋት የሚያሰማውን፣ 84 የሚሰጠው ለማሰማት 40 ዋት ይፈልጋል። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለውም አጠገቡ «±3 ዴሲቤል» ካልተጻፈ ብዙ አይጠቅምም።

የክፍሉን ማስተጋባት ግን የትኛውም ካርቶን አይነግረንም። ስለዚህ ከባለሱቁ ጋር ተስማምተን፣ በምንጠቀምበት ክፍል ከኋላ ሆነን የምናውቀውን ቲላዋ እናዳምጥ። «ሲን» ከ«ፋ» ካልተለየ የዋቱ ብዛት አይጠቅመንም።