በደከመ ሥጋ ላይ የሚሠለጥነው ፈንገስ

በአየርና በአፈር፣ በሊጣችን እርሾና በገዛ አንጀታችን ሳይቀር አብሮን የሚኖረው የፈንገስ ወገን፣ በጤነኛ ሰው ላይ ከቆዳ ሕመም የከፋ ጉዳት እምብዛም ስለማያደርስ፣ ለረጅም ዘመን በቸልታ ሲታለፍ ኖሯል፤ ነገር ግን ሥጋ በጽኑ ደዌ ሲዝልና ጠባቂዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲመናመኑ፣ ይኸው የተናቀ ፍጥረት ወደ ደም፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ዘልቆ ነፍስ እስከ መንጠቅ ይደርሳል።

መግቢያውን ብዙ ጊዜ የሚያበጅለት ደግሞ ሕክምናው ራሱ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው፣ ባክቴሪያን ለማጥፋት በሚሰጠው መድኃኒት የአንጀቱ ተሕዋስያን ሲያልቁ፣ ካንዲዳ የተባለው እርሾ ያለ ተቀናቃኝ ይራባና ከአንጀቱ፣ ወይም በትልቁ ደም ሥር በገባው ቱቦ በኩል፣ ከደሙ ይቀላቀላል። አስፐርጊለስ የደም ካንሰር ታካሚዎችንና መቅኔ የተተከለላቸውን በትንፋሽ ገብቶ ሳንባቸውን ያጠቃል፤ ክሪፕቶኮከስ በኤች አይ ቪ የተዳከሙትን የአንጎል ሽፋን ያቆስላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በህንድ አገር ኮሮናና የስኳር በሽታ ተደራርበውባቸው ስቴሮይድ ከወሰዱት መካከል ብዙ ሰዎች «ጥቁር ፈንገስ» በተባለው ደዌ ዓይናቸውን አጥተዋል፤ የታመሙትም ከ40,000 በላይ ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ለይቶ ማወቁ ነው። ምልክቱ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አልበርድ ያለ ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ደምን አሳድጎ መመርመርም ሥር የሰደደውን ካንዲዳ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ሳያገኘው ያልፋል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም ማረጋገጫው እስኪመጣ ሳይጠብቅ ሕክምናውን ለመጀመር ይገደዳል፣ እኔም ይህን ድፍረት ሳይሆን ጥበብ እለዋለሁ።

የፈንገስ ሕዋስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው ሕዋስ የቀረበ በመሆኑ፣ አንዱን ገድሎ ሌላውን የሚምር መድኃኒት ማግኘት አዳጋች ነው። በ1950ዎቹ ከቬኔዝዌላ አፈር ከተገኘ ተሕዋስ የወጣው አምፎቴሪሲን ቢ ዛሬም ዋና መታመኛ ቢሆንም፣ ኩላሊትን ይጎዳል። በ2009 በጃፓን መጀመሪያ የተገለጸው ካንዲዳ ኦሪስ ደግሞ፣ በሆስፒታል አልጋና ዕቃ ላይ እየተጣበቀ ብዙዎቹን መድኃኒቶች ይቋቋማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ሲዘረዝር ካንዲዳ ኦሪስንና ክሪፕቶኮከስን ከፊተኞቹ መደባቸው፤ በዚያው ዓመት፣ በአምስት የአፍሪካ አገሮች በተደረገ ጥናት ተመርኩዞ፣ ለክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር በስብ የተሸፈነውን አምፎቴሪሲን በአንድ ከፍተኛ መጠን መስጠትን መከረ። ከእርሱ ጋር መሰጠት ያለበት ፍሉሳይቶሲን ግን በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ዛሬም በቀላሉ አይገኝም።