ፑሌጃው አልገባ ሲል

ከመኪና ሞተር ፊት፣ ወደ ታች ዝቅ ብሎ፣ ቺንጋ የተጠመጠመበት ክብ ብረት አለ። የኮሎ ፑሌጃ ነው። ኮሎው፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ፣ የፒስተኖቹን ውጣ ውረድ ወደ ሽክርክሪት ይለውጣል፤ ፑሌጃው ደግሞ ያንን ኃይል እየተቀበለ ዲናሞውን፣ የመሪውን ፓምፕና የኤሲውን ኮምፕሬሰር ያዞራል። በብዙ መኪኖች ላይ ሌላም ተግባር አለው። መሃሉ ከኮሎው ጋር የሚታሰር እምብርት፣ ዳሩ ከባድ ቀለበት ሲሆን ሁለቱን የሚያያይዛቸው ጎማ ነው። ነዳጁ በነደደ ቁጥር ኮሎው በጥቂቱ ይጠመዘዛል፣ መልሶም ይፈታል። ይህን ንዝረት የሚያበርዱት ቀለበቱና ጎማው ናቸው።

ፑሌጃው በወጉ ሳይቀመጥ ሲቀር ቺንጋው ይጮኻል፣ ጠርዙ ይበላል፣ ጥቁር ብናኝ ይረጫል። አንዳንዴም ኳኳታው ሞተሩ ራሱ የተመታ ያስመስላል። ሞተር ከመፍታት በፊት ታዲያ ፑሌጃውን ማየት ይቀድማል። ሞተሩን አስነስቶ፣ እጅንና ልብስን ከቺንጋው አርቆ፣ ከጎን መመልከት ነው። እምብርቱ ቀጥ ብሎ እየዞረ ዳሩ ብቻ ከተወዛወዘ ጎማው ለቋል፤ ፑሌጃው መለወጥ አለበት። እምብርቱም አብሮ ከተወዛወዘ ግን ችግሩ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው።

ከተፈታ በኋላ የሚጠረጠሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ ዝገትና ቆሻሻ፦ የኮሎውን አፍንጫ፣ ማለትም ፑሌጃው የሚገባበትን ጫፍ፣ አጽድቶ ጥፍርን ቀስ እያሉ ማስኬድ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉብታ ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ቀጥሎ በኮሎው ስርጉድ ውስጥ የምትቀመጠው ትንሿ ሽብልቅ ብረት፦ በአንድ በኩል ቀና ካለች ፑሌጃው ገብቶ ሳያልቅ መሃል ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ብሎኑ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ቆሻሻ ካለ ወይም ብሎኑ ከልኩ ከረዘመ፣ ጫፉ መጨረሻውን ነክቶ የጠበቀ ይመስላል፤ ፑሌጃው ግን ገና ልቅ ነው። አራተኛው የዕቃው ማንነት ነው። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ፑሌጃ ቀዳዳው ልክ ሆኖ ጥልቀቱ ሊለይ ይችላል። ቀጥ ያለ ብረት ከሌሎቹ ፑሌጃዎች ጋር አስተካክሎ ቢያዩበት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

መዶሻ ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አይሆንም። ምት ቀለበቱን ያጣምማል፣ ጎማውን ያስለቅቃል፣ የኮሎውን ኩሽኔታም ይጎዳል። እምቢ ያለ ብረት ምክንያት አለውና ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል።

ብዙ ሰው ፑሌጃውን የምትይዘው ያቺ ሽብልቅ ትመስለዋለች። የእሷ ዋና ሥራ ግን ቦታውን ማስጠበቅ ነው። ሸክሙን የሚችለው ብሎኑ ፑሌጃውንና ኮሎውን አጣብቆ ሲይዝ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ብሎኑ ሲላላ ሸክሙ ሁሉ ሽብልቋ ላይ ይወድቃል፤ ዛቢያው የላላ መጥረቢያ በመታ ቁጥር ቀዳዳውን እንደሚያሰፋ፣ ፑሌጃውም በዞረ ቁጥር መቀመጫውን ይበላል።

የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው ይህች ባለሁለት ወንበር መኪና፣ በመጀመሪያዎቹ 1.6 ሊትር ሞተሮቿ ላይ የኮሎው አፍንጫ አጭር ነበር። ብሎኑ ሲላላ ሽብልቋ ትበላለች፣ የኮሎው ስርጉድ ይሰፋል፣ ታይሚንጉ ይዛባል፣ መኪናዋም ጉልበት ታጣለች። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 አፍንጫውን አስረዘመው። አጭሩ አፍንጫ ያላቸው ሞተሮች ፑሌጃቸው ፊት ላይ ባሉት አራት ክፍተቶች ይለያሉ፤ ረጅሙ ያላቸው ስምንት አሏቸው።

ሲገጠም ጽዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብሎኑ አምራቹ በወሰነው ልክ፣ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃል። አንዳንድ ብሎኖች ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ። እምብርቱ ኦይል ሲሉ ያረፈበት ቦታ ላይ ቦይ አውጥቶ ከሆነም ዘይት ማፍሰሱ ስለማይቀር አብሮ ይታያል።

ፑሌጃ በቀላሉ ይለወጣል፤ ኮሎ የተበላበት ሰው ግን ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሊያስፈታ ነው። ስለዚህ መካኒኩ ሲያጸዳና ሲለካ የሚያጠፋው ጊዜ ዋናው ሥራ መሆኑን ባለመኪናው ይረዳለት፤ አያጣድፈው፣ ለዚያም ጊዜ ሳይሰስት ይክፈለው።