የሄይቲው ኮሌራ ከየት መጣ?

የወረርሽኝ ምንጭ ፍለጋ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የለንደኑን ኮሌራ ምንጭ ከአንድ የውሃ ፓምፕ ላይ ያገኘውን ሐኪም ጆን ስኖውን ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሄይቲው ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 2010 ርዕደ መሬት ሄይቲን አፈራረሳት። ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ በተፈናቃይ ድንኳን ተሞላች። በጥቅምት ኮሌራ ሲገባ ታዲያ ብዙ ሰው "በዚህ ኑሮ ላይ ምን ይገርማል?" ብሎ አለፈው። ነገር ግን በሽታው የተነሳው ከድንኳኖቹ አልነበረም፤ ከዋና ከተማዋ ርቆ፣ በአርቲቦኒት ወንዝ ዳር ነው። በዚያ ላይ አገሪቱ ቢያንስ ለመቶ ዓመት ኮሌራ ተመዝግቦባት አያውቅም ነበር። ድህነት ቆሻሻ ውሃ ያስጠጣል እንጂ ባክቴሪያ አይፈጥርም። ከሌላ ቦታ ይዞት የመጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

ፈረንሳዊው የወረርሽኝ ተመራማሪ ሬኖ ፒያሩ በኅዳር ሄይቲ ገባ። ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ማን፣ መቼ፣ የት ታመመ የሚለውን እያጣራ ወደ ኋላ ሄደ። ዱካው ሚርባሌ ከተማ አጠገብ፣ ሜዬ የምትባል መንደር አደረሰው። እዚያው አጠገብ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኔፓል ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ነበር። የካምፑ ፍሳሽ ጅረት ውስጥ ይገባ ነበር፤ ጅረቱ ወርዶ ከአርቲቦኒት ይቀላቀላል። ሕዝቡ ከወንዙ ይጠጣል፣ ይታጠብበታል፣ ሩዙን ያጠጣበታል። ወታደሮቹ የገቡት በዚያው በጥቅምት፣ ወረርሽኙ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ኔፓል ውስጥ ኮሌራ ነበር።

በ2011 የባክቴሪያው ዘረመል ተነጻጸረ። የሄይቲውና ከኔፓል የተወሰዱ አንዳንድ ናሙናዎች ልዩነታቸው አንድ ወይም ሁለት የዘረመል ፊደል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እኔን የሚያበሳጨኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ድርጅቱ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2011 ባወጣው ሪፖርት ብክለቱ ከየት እንደተነሳ ቢያሳይም፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የብዙ ሁኔታዎች መገጣጠም ነው አለ። በ2013 የተጎጂዎች የካሳ ጥያቄ ውድቅ ተደረገ። በዚያው ዓመት ግን እነዚያው ባለሙያዎች ምንጩ የኔፓሉ ካምፕ ሳይሆን እንደማይቀር ጻፉ።

ልብ በሉ፣ ኔፓላዊውን ወታደር አልኮንንም። የኮሌራ ባክቴሪያ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምልክት ስለማያሳዩ መያዙን ሳያውቅ መጥቶ ይሆናል። ፍሳሹን አጣርቶ ማስወገድ ግን የካምፑ ባለቤት ኃላፊነት ነበር። "ጥፋቱ የማንም አይደለም" የሚለው ንግግር የሸፈነው ወታደሩን ሳይሆን ድርጅቱን ነው።

በወቅቱ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ የጠየቁት በታኅሣሥ 2016 ነው። እስከዚያ ድረስ ከ9,000 በላይ ሰው ሞቷል። ያኔ ይሰበሰባል ከተባለው 400 ሚሊዮን ዶላር የተገኘው ጥቂቱ ብቻ ነው።