የጉበት ሕመምና ረመዳን፦ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፣ በራስዎም አይጨምሩ

ረመዳን ሲገባ የመርካቶው ዱባይ ተራ ሥራ ይበዛበታል። የዒድ ልብስ ፈላጊው፣ ዕቃ አውራጁና አስረካቢው ጾሙን ይዞ ሲሯሯጥ ይውላል፤ መግሪብ ሲደርስ ቴምሩና ሾርባው ይቀርባል። በዚህ መሀል "ደከመኝ" የሚል ቢኖር ጾሙ ነው ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛውን ጊዜም ጾሙ ነው። ዒድ አልፎም የማይለቅ ድካም ግን ምርመራ ይፈልጋል። ከሚደበቁት ምክንያቶች አንዱ ሄፓታይተስ ሲ ነው።

ይህ ቫይረስ በደም ይተላለፋል፤ ምልክት ሳያሳይም ለዓመታት ጉበትን ይጎዳል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሥር የሰደደው ሕመም አለባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ 242 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተውበታል። ሕመሙ ሥር ከሰደደባቸው 100 ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው ይጠጥራል። ከዚያ በኋላ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ደም ማስታወክ ይመጣል፣ ሰው መቃዠትና መዘባረቅ ይጀምራል፤ የጉበት ካንሰርም ይከተላል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመሄድ በሚደረገው የጤና ምርመራ ሕመሙ እንዳለባቸው መጀመሪያ የሚሰሙ አሉ። "ጉዞው ቀረ" ብሎ ወረቀቱን ማስቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን አግኝቶት እንደሚያውቅ ብቻ ነው። ቫይረሱ አሁንም በደም ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምርመራ አለ። ከተገኘም ተስፋ አለ፤ ዛሬ ያሉት እንክብሎች አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይፈውሳሉ።

እንክብሎቹ ግን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ኃይላቸውን ያዳክማሉ። ከባድ ኢፍጣር ጨጓራን ሲያቃጥል የምንውጠው ኦሜፕራዞልም ቬልፓታስቪር የተባለው መድኃኒት በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ሶፎስቡቪር ከልብ መድኃኒቱ አሚዮዳሮን ጋር ሲወሰድ የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያዘገይ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ሳይታወቅ ሕክምናውን ቢጀምር የቢው ቫይረስ ሊቀሰቀስበት ስለሚችል አስቀድሞ ይመረመራል። የስኳር ታማሚም ቫይረሱ ሲጠፋለት የደም ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ ኢንሱሊን እየወሰደ የሚጾም ከሆነ አደጋው ይበረታል።

ጉበቱ የጠጠረ ሰው ለራስ ምታት ብሎ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መዋጥ የለበትም፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ያፈስሳሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን በሐኪም በተወሰነለት ልክ ብቻ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ ነው" ብሎ ቅጠል ጨምቆ ማጠጣት ለታመመ ጉበት ሌላ ሸክም ሊሆን ይችላል። ከኢሻ በኋላ ጫት ለሚይዙትም አንድ ነገር እንንገር፤ በሐረር በሆስፒታል ታማሚዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት ሕመም የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር አሳይቷል።

ታዲያ ጾሙስ? እንክብሎቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ፣ ጉበቱ ያልጠጠረና ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው በሱሁር ወይም በኢፍጣር፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሊወስዳቸው ይችላል። ሆዱ ውኃ የቋጠረና የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም መቃዠት እንዳይመጣበት ላክቱሎስ የታዘዘለት ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ኩላሊቱን ሊያደክም፣ ወደ መቃዠትም ሊመልሰው ይችላል። ዲናችን ለታማሚ ሩኽሳ ሰጥቷል፤ የሚድን ቀዷ ያወጣል፣ የመዳን ተስፋ የሌለው ፊድያ ይሰጣል። ሐኪሙን ስለ አካሉ፣ ኡስታዙን ስለ ሑክሙ መጠየቅ ነው። በሩኽሳው የሚጠቀም አባት ወይም እናት በቤተሰቡ ፊት ሊያፍር አይገባም።

ቤተሰብም ታማሚውን ከማዕድ አይለየው። ሄፓታይተስ ሲ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚያስፈራው ደም የነካው ስለት ነው፦ ለዋግምት (ሒጃማ) የሚያገለግል ምላጭ፣ ለዒድ ጸጉር ሲስተካከሉ ሰው ሁሉ የሚላጭበት ምላጭ፣ መርፌ። ምላጩ በፊታችን ከአዲስ ማሸጊያ ይውጣ። ክትባት ስለሌለው መከላከያው ይኸው ጥንቃቄ ነው።

በቤትዎ የጉበት ታማሚ ካለ በዚህ ሳምንት የሚወስደውን ሁሉ፣ እንክብሉንም ሽሮፑንም ከዘመድ የተላከውንም ቅጠሉንም፣ በአንድ ፌስታል አድርገው ለሐኪሙ ያሳዩ። ደም ካስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን መግሪብን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን።